የአየር ንብረት ለውጥ እና የካፋ ጫካ ቡና

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ በብዛት የሚጠቀሱት የባሕር ወለል ከፍ በማለቱ የመጥለቅለቅ ስጋት ያንዣበበባቸው እንደ ማልዲቭስ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ከባሕር ርቀው የሚገኙ ደጋማ አካባቢዎችም የዚሁ ለውጥ ተጋላጭ ናቸው። የአረቢካ ቡና መገኛ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ የሆነው የካፋ ዞን ለዚህ ማሳያ ነው።

ቡና ለምን ተጋላጭ ሆነ?

አረቢካ ቡና መካከለኛ ሙቀትና የዛፍ ጥላ የሚስማማው ተክል ነው። የሚያብበው ደረቁ ወራት አልፈው ዝናብ ሲጥል ነው። ዝናቡ ከዘገየ ወይም ካበበ በኋላ ከተቋረጠ ምርቱ ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የቡና ፍሬን የሚበሳው ተባይ ይበልጥ ይራባል።

ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ለቡና የሚስማማው ሥፍራ ወደ ከፍታ ይሸሻል። በእርሻና በሰፈራ የተከበበ ደን ግን እንደ ደሴት ነውና በውስጡ ያሉት ዕፀዋት መሸሻ አይኖራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ አስፈላጊው እርምጃ ካልተወሰደ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል።

ደኑ ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በውስጡ የሚገኙት የጫካ ቡና ዝርያዎች ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም ቡና ለማዳቀል የሚያገለግል ሀብት ናቸው። ደኑ ሲመነጠር ይህ ሀብት አብሮ ይጠፋል፤ የአካባቢው የማር ምርትና የምንጮች ውኃም ይጎዳል።

ከአርሶ አደሩ ምን ይጠበቃል?

• እንደ ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ ያሉ የጥላ ዛፎችን መጠበቅና መተካት፤
• ያረጀ ቡናን በባለሙያ ምክር መጎንደል፤
• የአፈሩን እርጥበት ለመጠበቅ ከቡናው ሥር ጉዝጓዝ ማልበስ፤
• በደን ውስጥ አዲስ የእርሻ መሬት ከመመንጠር መቆጠብ።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን ዕውቅና ይሰጣል። በመሆኑም ነዋሪዎች ተደራጅተው ደኑን በመጠበቅ በሕግ አግባብ መጠቀም ይችላሉ። ስለ አደረጃጀቱ፣ ስለ ችግኝ አቅርቦትና ስለ ቡና አያያዝ ምክር የሚፈልጉ ዜጎች በቅድሚያ የቀበሌያቸውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ቀጥሎም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።