ጽዋና ስኳድራ፦ ከለሚ ማኅበር እስከ ኤዲንብራ ሎጅ

ያውቁ ኖሯል?

ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ከተማ ወርደው «ሎጅ የት ነው?» ብለው ቢጠይቁ መኝታ የቸገረው እንግዳ ይመስላሉ። ኤዲንብራ ወይም ቦስተን ላይ ግን ያው ቃል የፍሪሜሶኖችን መሰብሰቢያ ሊያመለክት ይችላል። የእኛ ማኅበርተኛ የተለየ አዳራሽ የለውም፤ የተረኛው ቤት ይበቃዋል። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ አንዴ በስኳድራው አንዴ በጽዋው በኩል እንሄዳለን።

በስኳድራው በኩል

• ሎጅ መጀመሪያ ላይ የግንበኞች ዳስ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካቴድራል የሚሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ከሥራው አጠገብ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ እዚያው ይጠርባሉ፣ እዚያው ይበላሉ፣ መሣሪያቸውንም እዚያው ያኖራሉ። ስሙ ከዚያች ጎጆ ወጥቶ የማኅበሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

• «ፍሪሜሶን» ቃል በቃል ሲፈታ «ነጻ ግንበኛ» ነው። ዓርማቸው ማንኛውም የእኛ ግንበኛ የሚያውቃቸው ስኳድራና ኮምፓስ ናቸው። በስብሰባ ላይ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ሽርጥም ድንጋይ ጠራቢው ልብሱን ከሚከላከልበት ቆዳ የመጣ ነው።

• የኤዲንብራው የቅድስት ማርያም ጸሎት ቤት ሎጅ ከእ.ኤ.አ. 1599 ጀምሮ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ አለው። በዚያ ዘመን አባላቱ እውነተኛ ግንበኞች ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዘመን ግን ድንጋይ ነክተው የማያውቁ መኳንንት መግባት ጀመሩ። ቀስ በቀስ መኳንንቱ በዙ፣ ግንበኞቹ አነሱ። ስኳድራው ግድግዳ መለካቱን ትቶ የቀና ጠባይ ምልክት ሆነ።

• ማኅበሩ የልደት ቀኔ ብሎ የሚያከብረው በለንደን አራት ሎጆች ተሰብስበው ታላቁን ሎጅ መሠረቱ የሚባልበትን እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1717 ነው፤ የተሰበሰቡትም በአንድ መጠጥ ቤት ነበር። እንግሊዝ ያኔ የምትቆጥረው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር ቀኑን ወደ እኛ ስንመልሰው ሰኔ 30 ቀን 1709 ዓ.ም. ይሆናል። ሰኔ 30 ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ነው። እነሱም ቀኑን የመረጡት በዚሁ በዓል ምክንያት ነው። ጎንደር ላይ ዳዊት ሣልሳዊ ነግሠው ሳለ፣ ለንደን ላይ ሰዎች በቅዱስ ስም ማኅበር ይጠጡ ነበር ማለት ነው።

• የሜሶኖች ዋና አፈ ታሪክ የሚያጠነጥነው በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ላይ ነው፤ ጀግናው ቤተ መቅደሱን የሠራው ባለሙያ ኪራም ነው። ክብረ ነገሥት ደግሞ የነገሥታታችንን ዘር ከዚያው ከሰሎሞን ይመዝዛል። የሸዋ ነገሥታት በልጁ በቀዳማዊ ምኒልክ፣ ሜሶኖች በግንበኛው፤ ሁለቱም ከአንድ ደጅ ነን ባይ ናቸው።

• የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ፍሪሜሶን ነበር። ሎጁም ኤዲንብራ የሚገኘው ካነንጌት ኪልዊኒንግ ነው። ጎንደር ኖረ፣ ግሽ ዓባይን አየ፤ ሸዋን ግን አልረገጠም።

• ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ አውሮፓ ጠፍቷል ብላ ያለቀሰችለትን መጽሐፈ ሄኖክ በግዕዝ ሦስት ቅጂ ይዞ ገባ። አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሰጠ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው። ብሩስ ግን ይህን ሳያይ በ1794 ሞቶ ነበር።

• በዚያው በ1821 ሩሲያዊው ገጣሚ አሌክሳንደር ፑሽኪን የሜሶን ማኅበር ገባ። የገባውም ፒተርስበርግ ላይ ሳይሆን ተግዞ በተላከባት በኪሺኔቭ ነው። ያኔ ከተማይቱ ከሩሲያ ዳር ያለች አቧራማ ከተማ ነበረች፤ ሎጁ የተሰየመውም እንደ እሱ በግዞት በኖረው ሮማዊ ባለቅኔ በኦቪድ ነው። የገጣሚው እናት አያት አብርሃም ጋኒባል ከአፍሪካ የተወሰደ ልጅ ነበር፤ የትውልድ ስፍራው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም እኛ «የእኛው ነው» ማለታችንን አልተውንም። ሎጁ ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1822 ቀዳማዊ አሌክሳንደር በመላ ሩሲያ ሎጆችን ዘጋ፤ ፑሽኪንም የሁሉም መዘጋት ሰበብ የኛዋ የኪሺኔቭዋ ናት ብሎ ለወዳጁ ጽፏል።

• ቦስተን ላይ ነጮቹ ሎጆች በር የዘጉባቸው ጥቁሮች የራሳቸውን መሠረቱ። መሪያቸው ፕሪንስ ሆል ነበር፤ ሎጁም «የአፍሪካ ሎጅ» ተባለ። ከለንደን የተሰጠው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1784 የተጻፈ ሲሆን ቁጥሩ 459 ነው። ሆል በ1797 በዚያው በዮሐንስ በዓል፣ ሜኖቶሚ በተባለች ትንሽ ከተማ ባሰማው ንግግር የመዝሙረ ዳዊትን «ኢትዮጵያ እጆችዋን ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል ለጥቁሮች ነጻነት ጠቅሶታል። ከዓድዋ 99 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው።

• ከሮማ ፓፓዎች ሜሶኖችን መጀመሪያ ያወገዙት ክሌመንት 12ኛ ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1738 ነው። ሙሶሊኒ ደግሞ በ1925 ባወጣው የማኅበራት ሕግ የኢጣሊያን ሎጆች አዳከመና አዘጋ። አገራችንን የወረረው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ ነው። አምባገነን ሰው ሠራዊት ብቻ ሳይሆን ተሰብስቦ የሚጠጣ ሰውም ያስፈራዋል።

• ምሥጢራዊ ማኅበር በእኛም አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ክረምት መግቢያ፣ ነቀምት ላይ፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ»ን መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ወታደሩ ለሲቪሉ እንዲታዘዝም ያዝ ነበር።

በጽዋው በኩል

• «ማኅበር» እና «ኅብረት» የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። ግዕዙ «ኀበረ» ነው፤ አንድ ሆነ፣ ተባበረ ማለት። የገዳም መነኮሳትም በአንድነት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

• የጽዋ ማኅበር የሚቆመው በጻድቅ፣ በመልአክ ወይም በሰማዕት ስም ነው፤ ቀኑም የዚያ ቅዱስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27። ለዚህ ነው ማኅበርተኛ ቀን መቁጠሪያ የማይገዛው፤ ወሩን በጠላው ያውቀዋል።

• አባላቱ 12 ከሆኑ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል። ጳጉሜን የሚካኤልን ማኅበር አታስቸግርም፤ 12ኛ ቀን የላትምና። አባላቱ ሲበዙ ተራው ይርቃል፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ይደግሳሉ።

• የማኅበሩ አለቃ «ሙሴ» ይባላል። ሕዝቡን ባሕር ባሻገረው ነቢይ ስም የሚጠራው ይህ ሰው ዋና ሥራው ተራ ማስከበር፣ የቀረውን መጠየቅ፣ የተኳረፈውን ማስታረቅ ነው። በብዙ ማኅበር የተጣሉ ሰዎች እርቅ ሳያወርዱ ከአንድ ጽዋ አይቀምሱም።

• ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ከባረኩ በኋላ ጽዋው ይዞራል። ሲያልቅ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ያን ጊዜ ጌሾ መውቀጥና ብቅል ማዘጋጀት የማን ፈንታ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

• ካህናቱ ለዚህ ሥርዓት የሚጠቅሱት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው። በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። ስለዚህ በዝክር ቀን ነዳያን ደጅ ቢመጡ እንግዳ አይደሉም፤ የድግሱ ባለመብት ናቸው።

• ሜሶኖች መተዋወቂያ ቃልና የእጅ አጨባበጥ አላቸው። የማኅበርተኛ መተዋወቂያ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ባለፈው ወር ምነው ቀረህ?»

• የእንግሊዝ ታላቁ ሎጅ እስከ ዛሬ የሚቀበለው ወንዶችን ብቻ ነው፤ ሴቶች የተለየ ሎጅ አላቸው። የእኛ ሴቶችም የራሳቸውን ማኅበር ያቆማሉ፣ ሙሴያቸውን ይሾማሉ፣ ጠላውም ከወንዶቹ ጠላ ይበልጣል ይባላል።

• ሰንበቴ ከጽዋ ማኅበር በቦታውና በቀኑ ይለያል። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለው ሰንበቴ ቤት ይቀመጣሉ። ስሙም ከሰንበት ነው።

• እድር ደግሞ የከተማ ልጅ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ሰው ከዘመዱ ርቆ በሚኖርባቸው ከተሞች ሰፋ። ዕቃው ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፤ ድምፁ በሌሊት የሚነፋ ጡሩንባ። ማኅበር በቅዱሱ ሲለያይ እድር ሁሉን ያቅፋል። አንዲት ድንኳን ሥር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ያስተዛዝናሉ።

• እቁብ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ወንፈል ጉልበት። በወንፈል ዛሬ አንተ ማሳ የዋልኩትን ነገ እኔ ማሳ ትከፍለኛለህ። ደቦ ግን የሚመለሰው በምግብና በጠላ ነው።

• የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ የተዘጋጀው በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ስለ ማኅበራት ሲደነግግ ትርፍ ለመካፈል የተቋቋመውን ከማኅበር አይቆጥርም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ እድርንና እቁብን ከራሱ ውጪ አድርጓቸዋል።

• የሰሜን ሸዋን ሰው ወግ ለዓለም ካሳወቁት አንዱ በመንዝ የኖረው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን ነው። «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ኢትዮጵያውያን ያወጡለት ስም «ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ» ነው።

መዝጊያው ድንጋይ

• ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ እንሳሮም ቀድሞ እንሳሮና ዋዩ ይባል ከነበረው ወረዳ የተከፈለ ነው። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው ሰው ለሚን አልፎ ነው ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርደው። የጀማ ውኃ ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል።

• የዚህ አካባቢ ድንጋይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ሲሚንቶ ይሆናል፤ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የተመረቀው ያኔ ነው። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ፣ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተጋግሮ፣ ከዚያ ዳግመኛ የሚፈጭ ነው።

• ኤዲንብራ ላይ ግንበኛው ወጣ፣ ስኳድራው ብቻ ለምልክት ቀረ። ለሚ ላይ ፋብሪካ የሚጠራው አዲስ ግንበኛና ሹፌር ቤት ተከራይቶ ሳይጨርስ ከጎረቤት የሚመጣለት ጥያቄ ግን ያው የቆየው ነው፤ «እድር ገባህ?» እዚህ ድስቱ ምልክት አልሆነም። ነገ ሐዘን ቢኖር ይጣዳል።