ብዛታቸው ቀድሞ ያልታወቀ የምርት ናሙናዎችን በኮምፒዩተር ስለ ማስላት

የምርት ግምት ሲወሰድ ከአንድ ካሬ ሜትር የታጨደው ሰብል ደርቆና ተወቅቶ እህሉ በግራም ይመዘናል። ግራሙ ለ10 ሲካፈል በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ይሰጣል። የናሙናው ብዛት ግን ከማኅበር ማኅበር ይለያያል። በመቀሌ፣ ሓድነት ለሚሰበሰብ መዝገብ አንዱ ማኅበር 5፣ ሌላው 30 ናሙና ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ብዛቱን በግምት መወሰን የለበትም።

ለምሳሌ 180፣ 220፣ 0፣ 160 እና 240 ግራም ተመዘገበ እንበል። 0 የሆነው በረዶ የመታው ማሳ ነው። ድምሩ 800፣ አማካዩ 160 ግራም፣ ማለትም በሄክታር 16 ኩንታል ነው።

ስህተት የሚፈጠረው በሁለት መንገድ ነው፦

1. ፕሮግራሙ 20 ቦታ ይዞ ባዶዎቹንም በመቁጠር ለ20 ቢያካፍል 4 ኩንታል ይላል።
2. 0ን የማብቂያ ምልክት ቢያደርግ ሁለተኛው ናሙና ላይ ቆሞ 20 ኩንታል ይላል። በረዶ የመታበት ገበሬ ጉዳትም ከመዝገብ ይጠፋል።

በመሆኑም የሚከተሉት ይደረጉ፦

ሀ. ብዛቱ ከታወቀ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቦታም በዚያው ልክ ያዘጋጅ።
ለ. ካልታወቀ ማብቂያው ምርት ሊሆን የማይችል ቁጥር፣ ለምሳሌ -1፣ ይሁን። ምልክቱ ግን አይደመር፣ አይቆጠርም።
ሐ. አማካይ ብቻ ከተፈለገ ድምርና ብዛት መያዝ ይበቃል። እያንዳንዱ ናሙና የሚፈለግ ከሆነ ቦታው ሲሞላ የሚሰፋ ዝርዝር ያስፈልጋል።
መ. ምንም ናሙና ካልገባ አይካፈል፤ ለዜሮ ማካፈል አይቻልምና።

የልማት ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙ የቆጠረውን ብዛት ከመስክ ደብተሩ ጋር ያመሳክር። ልዩነት ከተገኘ ግምቱ ሳይታረም አይላክ።