የመጋዙ ጩኸት ምን ይናገራል? ንዝረትና የተረጋጋ አቆራረጥ በባንድሶው ሥራ

በእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የባንድሶው ድምፅ የተለመደ ነው። ግንዱ ወደ ስለቱ ሲጠጋ ድምፁ ወጥ ሆኖ ይቀጥላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በድንገት ወደ ጩኸት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጣውላ ፊቱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ የሠራ፣ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዛነፈ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የሞተሩ ጉልበት ነው። እውነተኛው መንስኤ ግን በአብዛኛው የስለቱ ንዝረት ነው።

ባንድሶው በመንኮራኩሮች ላይ የተወጠረና ጫፍና ጫፉ የተገናኘ፣ ጥርስ ያለው ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ኒውበሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለዚህ ማሽን የፈጠራ መብት ቢያገኝም፣ ሐሳቡ ለአሠርት ዓመታት በተግባር ሳይውል ቆይቷል። ስለቱ በመንኮራኩሮቹ ላይ ያለማቋረጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ መገጣጠሚያው ይበጠስ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1846 ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፔን የስለቱን ጫፎች የሚያያይዝ ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። መብቱን የገዛው የፓሪሱ ፔሪን ኩባንያም ዘዴውን ከተሻለ ብረት ጋር አዋሕዶ ማሽኑን ለሥራ አበቃው።

የመበጠሱ ችግር ሲቃለል የመንቀጥቀጡ ችግር ጎልቶ ወጣ። የተወጠረ ስለት ጠባዩ ከክራር ጅማት ጋር ይመሳሰላል፤ ሲጠብቅ በፍጥነት፣ ሲላላ በዝግታ ይርገበገባል። ልዩነቱ ስለቱ እየሮጠ መሆኑ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳንኤል ሞት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት የባንድሶው ንዝረት ጥናት እንደመረመሩት፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የስለቱ ተፈጥሯዊ የንዝረት ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ ስለቱም በቀላሉ ወደ ጎን ይገፋል።

ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ውጥረቱ 100 ሜጋፓስካል የሆነ የብረት ስለት፣ በሁለቱ የስለት መሪዎች መካከል ያለው ርዝመት 1 ሜትር ቢሆን፣ ቆሞ ሳለ በሴኮንድ 56 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ውጥረቱ ሳይለወጥ በሴኮንድ 40 ሜትር ሲሮጥ ቁጥሩ ወደ 49 ይወርዳል። መሪዎቹ ተቀራርበው ርቀቱ ግማሽ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 99 ከፍ ይላል። ስለዚህ የላይኛውን መሪ እስከ ግንዱ ድረስ ዝቅ ማድረግ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትልቅ ጥቅም ነው።

ስለቱ ከዚህ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሌላ ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾች አሉት። ጥርሶቹ በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢደረደሩ፣ በተጠቀሰው ፍጥነት እንጨቱ በሴኮንድ 800 ጊዜ ይመታል። ይህ ምት ከስለቱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች አንዱን በጥቂቱ በልጦ ሲገኝ ንዝረቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል፤ በጣውላው ፊት ላይ የሚታየው ሞገድም የዚህ አሻራ ነው። ፍጥነቱን በጥቂቱ መለወጥ ወይም የጥርሶቹ ርቀት እኩል ያልሆነ ስለት መጠቀም ይህን ቅንጅት ይሰብረዋል። በተለይ ብረት ለመቁረጥ የሚያገለግሉ ብዙ ስለቶች ጥርሳቸው ሆን ተብሎ የተዘበራረቀው ለዚህ ነው።

ውጥረትን ያለ ልክ መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም። ከልክ ያለፈ ውጥረት በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ስለቱ ይበጠሳል፣ የሠራተኛውንም አካል ለአደጋ ያጋልጣል። ግንዱን በኃይል መግፋትም እንዲሁ ጎጂ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በሰጋቱራ ሲሞላ ትርፉ በጎን እየወጣ ስለቱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። የደነዘዘ ስለትም በቆረጠው ልክ ሳይሆን በተገፋው ልክ ይሄዳል።

እንግዲህ መጋዝ ሲጮኽ ተገቢው ምላሽ ጉልበት ሳይሆን ምርመራ ነው። ማሽኑ ይጠፋል፤ መንኮራኩሮቹ ፈጽመው እስኪቆሙ ይጠበቃል። ከዚያም የጥርሶቹ ስለትና የመሪዎቹ ቦታ ይታያል፤ ውጥረቱም አምራቹ ከወሰነው ልክ ጋር ይመሳከራል። በዚህ የሚያልፉት ጥቂት ደቂቃዎች ከሚባክነው ግንድ ይረክሳሉ፤ ከሠራተኛው እጅ ጋር ግን ለንጽጽር አይቀርቡም።