ቁልፍ ያልያዘው በረኛ

አንድ ኮምፒውተር ዋይፋይ በያዘባት ቅጽበት ገና አድራሻ የለውም። ሰፈሩ ውስጥ ማን እንዳለም አያውቅም። ስለዚህ ይጣራል፦ መነሻውን 0.0.0.0፣ መድረሻውን 255.255.255.255 ብሎ ይጽፍና «አድራሻ የሚያከራይ አለ?» የሚል ፓኬት ለሰፈሩ ሁሉ ይበትናል። የሰማ አከራይ «ይህች ትሆንሃለች?» ሲል ያቀርብለታል። ኮምፒውተሩ «እሷኑ ልውሰድ» ይላል፤ አከራዩም «ያንተ ናት፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ» ብሎ ያጸድቃል። ነገሩ በአራት መልእክት ያልቃል። ባለቤቱ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ እንኳ ላይፈጅ ይችላል።

የዚህ ንግግር ደንብ ዲኤችሲፒ ይባላል፤ ዛሬም የሚሠራበት ሰነድ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ንግግሩን የሚያካሂደው ግን መስኮት የሌለው፣ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ፣ ማንም ጠቅ አድርጎ የማይከፍተው ፕሮግራም ነው። የሙያው ሰዎች ዴሞን ይሉታል። ቃሉ ከአጋንንት ጋር ጉዳይ የለውም፤ በ1960ዎቹ የኤምአይቲ ፕሮግራመሮች የተዋሱት፣ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ሳይታክት ሞለኪውል ሲለይ ከሚውል ፍጡር ነው።

ኦፕንቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይህን ሥራ የያዘው ዴሞን ዲኤችሲፒሊስድ ይባላል። ኦፕንቢኤስዲን በ1995 የጀመረው፣ ኑሮውን በካናዳ ካልጋሪ ያደረገው ቴዎ ዴ ራት ነው፤ ፕሮጀክቱ የሚታወቀውም ስለ ደኅንነት በሚወስደው ጥብቅ አቋም ነው። ዲኤችሲፒሊስድን የጻፈው ፍሎሪያን ኦብሰር ሲሆን፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የታየው በግንቦት 2021 በወጣው 6.9 እትም ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት በ7.0 እትም የቆየውን ዲኤችክላየንት ተክቶ ዋናው ሠራተኛ ሆነ። እዚህ የሚተዋወቀው ከሌሎቹ ይልቅ እሱ የሆነው፣ አሠራሩ አንድ ከባድ ጥያቄ በቅንነት ስለሚመልስ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። በኔትወርክ ካርድ ላይ አድራሻ ለመጻፍና መንገድ ለመዘርጋት የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ማለትም የቤቱን ቁልፍ ሁሉ መያዝ። በሌላ በኩል ይኸው ፕሮግራም ማንነቱን የማያውቀው እንግዳ የላከውን ፓኬት መስማት አለበት። በካፌ ዋይፋይ ላይ «አከራይ ነኝ» ብሎ የሚመልሰው ራውተሩ ይሁን በጎን የተቀመጠ ተንኮለኛ፣ ፓኬቱን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ታዲያ ቁልፍ ያዡ እንግዳውንም የሚሰማው እንዴት ሆኖ ነው?

አደጋው የት እንዳለ ለማየት መልእክቱን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። 99፣ 130፣ 83፣ 99 ከሚሉት አራት የመለያ ባይቶች በኋላ አማራጭ የሚባሉት ይደረደራሉ። ለምሳሌ ቁጥር 6 ይመጣል፤ «የዲኤንኤስ አገልጋዮች»፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉሙት፣ ማለት ነው። ቀጥሎ 8 ይመጣል፤ «ከዚህ ወዲያ 8 ባይት አለ» ማለት ነው። አንድ አድራሻ 4 ባይት ስለሆነ የተላኩት ሁለት አገልጋዮች ናቸው። እንግዳው በ8 ፈንታ 200 ብሎ ቢጽፍስ፣ ፓኬቱ ውስጥ የቀረው ግን 10 ባይት ብቻ ቢሆንስ? ቁጥሩን ያመነ ፕሮግራም ከፓኬቱ አልፎ የራሱን ማኅደረ ትውስታ ማንበብ ይጀምራል። ብዙ ሰርጎ ገብ የገባው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው።

ሥጋቱ የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በ2014 ሼልሾክ የተባለው ጉድለት ሲገለጥ፣ ከጥቃት መንገዶቹ አንዱ ዲኤችሲፒ ነበር፦ ከአከራዩ የመጣውን ጽሑፍ ሳይመረምሩ ባሽ ለተባለው ትእዛዝ ተርጓሚ ፕሮግራም የሚያቀብሉ ስክሪፕቶች ነበሩ። በ2018 ደግሞ በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስና በፌዶራ ላይ፣ ግንኙነቶችን ከሚያስተዳድረው ከኔትወርክማናጀር ጋር የተያያዘ የዲኤችሲፒ ስክሪፕት ተመሳሳይ በር ከፍቶ ተገኘ። የሐሰት አከራይ ሆኖ የመለሰ ሰው በሩት ሥልጣን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር።

ለዚህ መልስ ኦብሰር ሥራውን ለሦስት ፕሮሰስ፣ ማለትም ለየብቻ ለሚሮጡ ሦስት ክፍሎች፣ አከፋፈለው። አንደኛው በረኛ ነው፤ ፓኬት ይቀበላል፣ ፓኬት ይልካል፣ የመጣውን ግን አይተረጉምም። ሁለተኛው አንባቢ ነው፤ አማራጮቹን አንድ በአንድ የሚፈታ፣ ርዝመታቸውን የሚለካ፣ ሰዓት የሚቆጥር እሱ ነው። ሦስተኛው አለቃው ነው፤ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው፣ ከእንግዳ ጋር ግን ፈጽሞ አይገናኝም። አንባቢው «በዚህ ካርድ ላይ ይህን አድራሻ ጻፍ» የሚል ቅርጹ የታወቀ አጭር መልእክት ይልክለታል፤ እሱም ይጽፋል።

ብልሃቱ የሚታየው ከሁሉ በላይ በአንባቢው ላይ ነው። ከባዱንና አደገኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ስለሆነ፣ ከሁሉ ያነሰ መብት ያለውም እሱ ነው። ሲነሣ ፕሌጅ በተባለው የኦፕንቢኤስዲ ጥሪ የሲስተሙ እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ቃል ይገባል፦ ፋይል አልከፍትም፣ ወደ ኔትወርክ አልወጣም፣ ሌላ ፕሮግራም አላስነሣም። ተንኮለኛ ፓኬት አታሎት ፋይል ሊከፍት ቢሞክር ከርነሉ እዚያው ይገድለዋል። አለቃውም ቢሆን አንቬይል በሚባል ሌላ ጥሪ ከጥቂት ፋይሎች በቀር እንዳያይ ተገድቧል።

በረኛውስ አድራሻ በሌለው ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይሰማል? የተለመደው መስመር ገና ስላልተዘረጋ ጥሬውን ፓኬት ከካርዱ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ለዚህ በርክሌይ ፓኬት ፊልተር የሚባል መሣሪያ አለ። ይህን መሣሪያ የሚከፍተው አለቃው ነው፤ የዲኤችሲፒ ፓኬት ብቻ እንዲያልፍ ማጣሪያ ያስርበታል፣ ማጣሪያው እንዳይነካ ይቆልፈዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለበረኛው የሚያቀብለው። በረኛው ተጠልፎ ለጠላት ቢያድር እንኳ በዚያ መስመር የጎረቤቱን ወሬ መስማት አይችልም።

ቀሪው ጊዜ የኪራይ ጣጣ ነው። ውሉ የ24 ሰዓት ከሆነ ዴሞኑ እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። በልማዱ ግማሹ ሲሞላ፣ በ12ኛው ሰዓት፣ ያከራየውን ራሱን «አድስልኝ» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ በ21ኛው ሰዓት ለሰፈሩ ሁሉ ይጣራል። ውሉ ሳይታደስ ካለቀ አድራሻውን መልቀቅ ግዴታው ነው፤ ቤቱ ለሌላ ተከራይ ይሰጣልና።

የዲኤንኤስ አገልጋዮችን ዝርዝር በፋይል መጻፍ ግን የዲኤችሲፒሊስድ ሥራ አይደለም። ቀድሞ ዲኤችክላየንት ለእያንዳንዱ ካርድ ለየብቻ እየተነሣ ዝርዝሩን ራሱ ይጽፍ ነበር። ኬብልም ዋይፋይም ባለበት ላፕቶፕ ላይ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰው ነበር። ዛሬ ዲኤችሲፒሊስድ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል፤ የሁሉንም ሐሳብ ሰብስቦ ፋይሉን የሚጽፈው ሪዞልቭድ የተባለ ሌላ ዴሞን ነው። አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት አይፒቪ6ን ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ስላክድ ይዞታል፤ እሱም በዚሁ በሦስት ፕሮሰስ አሠራር የተገነባ ነው።

ተጠቃሚው የሚጽፈው በካርዱ ፋይል ውስጥ «ኢኔት አውቶኮንፍ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ላፕቶፑ ከቢሮ ወደ ቤት ሲመለስ ከርነሉ ካርዱ መገናኘቱን ያስታውቃል፤ በረኛው ይሰማል። አለቃው የቆየውን ውል ከፋይል አውጥቶ ለአንባቢው ያነብለታል፤ አንባቢውም «የትናንቷ አድራሻ አሁንም የእኔ ናት ወይ?» የሚል ጥያቄ ያሰናዳል። አከራዩ እሺ ካለ ነገሩ በሁለት መልእክት ያልቃል። እምቢ ካለ አሮጌው ውል ይቀራል፣ በረኛውም እንደገና 0.0.0.0 ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ይጣራል።