ስለ ቁርጭምጭሚት ወለምታና ስለ እጅ ሕክምና

ቁርጭምጭሚት ወለም ባለ ጊዜ በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ይጎዳሉ። ሕመሙ ከወራት በኋላም ያልተወ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያው መድረቅና የጡንቻው መድከም ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረው ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሙያም ሆነ የአገራችን ወጌሻ የሚያክሙት በእጅ ነው። በዝግታ ማሸትና መገጣጠሚያውን ማንቀሳቀስ ሕመሙን ለጊዜው ያቃልላል፤ የደከመውን ጡንቻ ግን አያበረታም። ስለዚህ በየቀኑ በአንድ እግር መቆምንና ተረከዝን ማንሣትን መለማመድ ያስፈልጋል።

እግሩ እንደ ተጎዳ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው ግን ከመታሸቱ አስቀድሞ በራጅ ይመርመር፤ የተሰበረን አጥንት ማሸት ጉዳቱን ያባብሳልና። አጥብቆ ማሰርም ደም እንዳይዘዋወር ከልክሎ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ ብዙ እግር ይድናል።