በማደሪያ የሚኖር ተማሪ ሲታመም

ጠዳ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለባትና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ በመሆኗ፣ በአካባቢው የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ከቤተሰብ ርቀው ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ተማሪዎችን ያክማሉ። እነዚህ ተማሪዎች በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ እጦት ወይም በቆዳ ማሳከክ ምክንያት ሲመጡ፣ የሕመሙ መነሻ ከሚያድሩበት ክፍል ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

እከክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ቆይቶ ስለሆነ፣ ምልክት የማይታይባቸው የክፍል ጓደኞችም ተውሳኩን ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አንዱ ብቻ ታክሞ ወደዚያው ክፍል ቢመለስ እንደገና ይያዛል። ሌሊት የሚብሰው ማሳከክ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ደግሞ ትምህርት ለመከታተልና ያነበበውን ለማስታወስ ይቸገራል። ስለዚህ አብረው የሚያድሩ ሁሉ በአንድ ቀን መታከም፣ ልብስና አንሶላቸውም በሙቅ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። ከሕክምና በኋላ ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችልም ለተማሪው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

በሳንባ ነቀርሳና በማጅራት ገትር ጊዜ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ይሆናል። የሌሊቱን ብርድ ለመከላከል መስኮት በሚዘጋበት ጠባብ ክፍል አየር አይዘዋወርም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ተማሪ ሲገኝ አክታው ሊመረመር፣ በሽታው ከተረጋገጠም አብረውት የሚያድሩት ሊጣሩ ይገባል። በማጅራት ገትር የተጠረጠረ ሲኖር ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ በመመሪያው መሠረት ሳይዘገይ መወሰን አለበት።

የአእምሮ ጤናም ከዚህ የተለየ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 40.9 ከመቶ በሚሆኑት ላይ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶችን አግኝቷል። የቅርብ ጓደኛ አለመኖርና ከጓደኛ ጋር መጋጨት ከችግሩ ጋር ተያይዘው ታይተዋል። ጥናቱ የአንድ ወቅት ቅኝት በመሆኑ ግን ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም። በሌላ በኩል፣ መብላት የተወውን ወይም ከአልጋው የማይነሣውን ተማሪ አስቀድሞ የሚያስተውለው የክፍል ጓደኛው ነው።

በመሆኑም ባለሙያው በምርመራ ወቅት ጥቂት ጥያቄዎችን ቢጨምር ይጠቅማል፤ በክፍሉ ስንት ሰው ያድራል? ተመሳሳይ ሕመም ያለበት አለ? ተማሪው ስንት ሰዓት ይተኛል? ከጓደኞቹ ጋር ይስማማል? ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት አጃቢው ወጥቶ፣ ለብቻ ነው። አብረው የሚኖሩትን ማከም ሲያስፈልግም የተማሪውን ፈቃድ መጠየቅና ምሥጢሩን መጠበቅ ይገባል። ኀፍረትን የፈራ ተማሪ ሕመሙን ይደብቃልና፣ ምሥጢሩ ካልተጠበቀለት እርሱም ጓደኞቹም ሳይታከሙ ይቀራሉ።