ቶማስ ጌንስቦሮ፦ የሰው ምስል ሠዓሊው የመልክዓ ምድር ወዳጅ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር አንድ ሠዓሊ በሙያው ለመተዳደር ከፈለገ ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ምስል መሣል ነበረበት፤ ባለርስቱም ሆነ መኳንንቱ ለሥዕል ገንዘብ የሚያወጡት በአብዛኛው የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን መልክ ለማስቀረት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1727 በሰፎክ አውራጃ፣ በሰድበሪ ከተማ የተወለደው ቶማስ ጌንስቦሮ ኑሮውን የመሠረተው በዚሁ ሥራ ቢሆንም፣ ልቡ ያደላው ግን ለመልክዓ ምድር፣ ማለትም ዛፍን፣ ሜዳንና ሰማይን ለሚያሳየው የሥዕል ዘርፍ ነበር።

ይህ ዝንባሌው በ1750 ገደማ በሣለው የአንድሩስ ባልና ሚስት ሥዕል ላይ በግልጽ ይታያል፤ ባልና ሚስቱን ወደ ሸራው አንድ ጎን አድርጎ የቀረውን ሰፊ ቦታ ለእርሻቸውና ደመና ላረበበበት ሰማይ ሰጥቶታል። በ1759 ሀብታሞች ለፍል ውኃ ወደሚጎርፉባት ወደ ባዝ ከተማ ተዛውሮ ደንበኞቹ በዙ። በ1768 በዚያው ከተማ የሣለው ኢግናሺየስ ሳንቾ የተባለው አፍሪካዊ ደራሲና የሙዚቃ ቀማሪ በወቅቱ በአንድ መስፍን ቤት አገልጋይ የነበረ ሲሆን፣ ሠዓሊው ግን የአገልጋይ ልብስ ሳያለብሰው እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው አድርጎ አቅርቦታል።

በዚያው ዓመት የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ መሥራች አባል የሆነው ጌንስቦሮ በ1774 ለንደን ሲገባ፣ ዋና ተፎካካሪው የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ጆሹዋ ሬይኖልድስ ነበር። ሬይኖልድስ የባለ ምስሎቹን ልብስ በአብዛኛው ለረዳቶቹ ሲተው፣ ጌንስቦሮ ግን ሐሩንም ዳንቴሉንም የዛፍ ቅጠል በሚሥልበት አኳኋን፣ በቀጠነ የዘይት ቀለምና በፈጣን የብሩሽ ጭረት ራሱ ይሠራው ነበር። እንዲህ ያለው አሣሣል ተገቢውን ርቀትና ብርሃን ካላገኘ ውበቱ ስለሚደበዝዝ፣ በ1784 አካዳሚው የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን ሦስት ልዕልቶች የሚያሳየውን ሥዕል ጌንስቦሮ በጠየቀው መጠን ዝቅ አድርጎ ለመስቀል ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ሥዕሎቹን አስመልሶ ከዚያ ወዲያ በቤቱ ማሳየት ጀመረ።

ጌንስቦሮ በ1788 ካረፈ በኋላ ሬይኖልድስ ለአካዳሚው ተማሪዎች ባደረገው ንግግር፣ በቅርብ ሲያዩት የተዘበራረቀ የሚመስለው ያ ጭረት ራቅ ብለው ሲመለከቱት መልክ እንደሚይዝ መስክሯል። የጌንስቦሮ ታላቅነትም እዚህ ላይ ነው፤ ገበያው የሰው ምስል ቢጠይቀውም፣ ከመልክዓ ምድር የተማረውን ሕያውነት በሰው ፊትና ልብስ ላይ በማሳደሩ የሚወደውን ሳይተው የተጠየቀውን ፈጽሟል።